የጠፋው ማይክሮፎን

አቶ ገብረ ክርስቶስ የተገኙት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ደረታቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን እንዳጠለቁ ነበር። ቀኝ እጃቸው ክዳኑ በተነሣው የድምፅ ማጉያ ውስጥ፣ ከአምፖሎቹ መካከል ገብቷል። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት የድምፅ ሣጥኖች ቫርኒሻቸው ያብረቀርቃል። ሸክላው ዘፈኑን ጨርሶ በባዶ ይሽከረከራል።

«ኤሌክትሪክ ነው ጌታዬ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ይህን ዕቃ የገጣጠመላቸው ሲግናል ሰፈር ሬዲዮ የሚጠግን ሀሚድ የሚባል ሰው ነው። ዛሬ ቀትር ላይ ከዚህ ቤት ሲወጣ ታይቷል። ይዘነዋል።»

ሻምበል አዱኛ ቱሉ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። የካራ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ «በሬ ስትገዛ ከሻጩ አፍ በፊት የበሬውን ጥርስ እይ» እያለ ነው ያሳደገው። የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። የቃጠሎ ምልክት የለም። ከዚያ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ከራሳቸው ላይ አወጣ። ሁለቱን ጆሮዎች የሚያያይዘው ቀጭን ብረት ካረፈበት ሥር ፀጉሩ ረጥቧል፤ አጥንቱም ሰርጉዷል።

«ብረቱን እየው» አለ ለፖሊሱ። «ታጥፏል?»

«አልታጠፈም ጌታዬ።»

«ራስ ቅል የሰበረ ምት ይህን ሽቦ እንዴት ማረው? ሰውየው ሲመቱ ማዳመጫው ራሳቸው ላይ አልነበረም። ቁስሉን ሊሸፍን ሌላ ሰው ነው ያጠለቀላቸው።»

ከዚያ ገመዱን በዓይኑ ተከተለው። ማጉያው ፊት ለፊት ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ ምንም ጽሑፍ የለባቸውም። የማዳመጫው መሰኪያ ግራው ላይ ተሰክቷል። ቀኙ ባዶ ነው። ሻምበሉ ትርጉሙን ባያውቅም በልቡ ያዘው።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አስካለች ከኮተቤ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ነው የገዛ ቤታቸው ሬሳ የጠበቃቸው። ጓዳ ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«ዓመት ሙሉ ከዚህ ዕቃ ሌላ ጨዋታ አልነበረውም» አሉ። «ሽቦውን ከሀሚድ ጋር፣ ሣጥኖቹን ከሰፈራችን አናጢ ከነገሳ ጋር ሠሩት። ዝግባው ሳይደርቅ ቢቆረጥ ድምፁ ይበላሻል እያሉ ክረምቱን ሙሉ እንጨት ሲጠብቁ ከረሙ። ትናንት ዓርብ አለቀ ተባለና ሁላችንንም ጠርቶ አሰማን።»

«ማዳመጫውስ?»

«እሱ ቀደም ብሎ ነው የመጣው። ዕቃው ሳያልቅ ጀምሮ ባሌ ያጫውተው ነበርና፣ ወንድሜ ፀሐዬ ለፈተና ሲያጠና ሙዚቃው ረበሸኝ ብሎ ተጣላው፤ ማዳመጫው የተገዛው ያኔ ነው። የማዳመጫው መሰኪያ ሲገባ ሣጥኖቹ ዝም ይላሉ። እኔም ጠዋት ጠዋት ዜማ እሰማበታለሁ።»

ፀሐዬ በረንዳው ላይ ቆሟል። ሻምበሉ ሲጠጋው ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እሰብረዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልዋሽም። እሱም ቤቴን ልቀቅ አለኝ። ግን ታረቅን። ማዳመጫውን እኔም ወድጄው እሱ ሲተኛ እሰማበት ነበር።»

«ዓርብ ዕለት ምን የተለየ ነገር አየህ?»

ወጣቱ አሰበ። «ምንም። ሸክላ ሰማን፣ አጨበጨብን። ጋሽ ነገሳ ብቻ ራሴን አመመኝ ብሎ ምግብ ሳይቀምስ ወጣ። ሣጥኖቹን የሠራው እሱ ሆኖ ሳለ፣ መመረቂያው ላይ አለመቆየቱ ገረመኝ።»

ሀሚድን ሻምበሉ እስር ቤት ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አገኘው። ዓይኖቹ ደፍርሰዋል።

«ሻምበል፣ ቀትር ላይ ማጉያውን አይቼላቸው ስወጣ ደህና ነበሩ፤ እኔ የሰው ነፍስ አላጠፋሁም። ልጆቼ ነገ ‹የገዳይ ልጆች› ሊባሉ ነው?»

«የማጉያውን ሁለት ቀዳዳዎች ንገረኝ።»

ሀሚድ በጥያቄው ግራ ተጋባ። «ቀኙ የማዳመጫው ነው። ግራው የማይክሮፎኑ። በገዛ እጄ የበየድኳቸው ናቸው።»

«የምን ማይክሮፎን?»

«ጥቁሩ፣ ባለ እግሩ ነዋ! ጠረጴዛው ላይ አላዩትም? ዓርብ ዕለት አቶ ገብረ ክርስቶስ ተናገሩበት እኮ። ‹ወገኖቼ ስሙኝ! ወገኖቼ ስሙኝ!› አሉ። አንድ ሁለት ብለው ይሞክራሉ ስል እንደዚያ ማለታቸው አሳቀኝ። ድምፃቸው ቀበና ወንዝ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።»

ሻምበል አዱኛ የሟቹን ጠረጴዛ አስታወሰ። ያን ጠረጴዛ ጥግ ለጥግ ፈትሾታል። ማይክሮፎን የለበትም። ሌባ ቢሆን ሸክላ ማጫወቻውን ይወስድ ነበር። ማይክሮፎን ብቻውን ምን ያደርግለታል?

ነገሳን ከግብዣው ያስወጣው በማይክሮፎኑ የተነገረው ቃል እንደሆነ ሊያጣራ፣ በማግስቱ ነገሳ ከእናቱ ጋር ወደሚኖርበት አውደ ሥራ፣ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ወጣ። አናጢው አልነበረም። እናቱ እማማ ዲንቄ ከደጃፉ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው ፊታቸው በራ። ስለ ዝናቡና ስለ ካራ ዘመዶች ተጫወቱ።

ሻምበሉ የሚያደርገውን ነገር ጠልቶታል፤ ግን አደረገው። በአማርኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወገኖቼ ስሙኝ!» አለ።

አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ያዙ።

«ማነው? ተመልሶ መጣ?»

«እማማ፣ ማን ነው የመጣው?»

«ድምፅ የጫነው መኪና» አሉ። «በጣልያን ጊዜ። ልጆቼ ጫካ ነበሩ። ‹ወገኖቼ ስሙኝ፤ ውረዱ፣ ምሕረት ተደርጎላችኋል› እያለ ሦስት ቀን ዳገቱን ዞረው። የሚናገረው ጣልያን ቢሆን ማን ያምነው ነበር! የእኛው ሰው ነው። ሁለቱ ወረዱ። ነገሳ እግሩ ቆስሎ እኔ ዘንድ ቀረ። ተኩሱን እዚሁ ሆነን ሰማነው።»

ሰኞ ከቀብር መልስ ሻምበሉ አራቱን ሰዎች ሟቹ ወደሞቱበት ክፍል ሰበሰበ። ወይዘሮ አስካለች ጥቁር ለብሰዋል። ሀሚድ በካቴና ነው። ነገሳ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ፖሊሱ ወንበር ቢያቀርብለትም አልተቀመጠም።

«አቶ ገብረ ክርስቶስን ኤሌክትሪክ አልገደላቸውም» ሲል ጀመረ አዱኛ። «ከኋላ ነው የተመቱት። ገዳዩ ቁስሉን ለመሸፈን ማዳመጫ አጠለቀላቸው፣ እጃቸውን ማጉያው ውስጥ ከተተ። አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሸክላ አስነሣለሁ። በየተራ ማዳመጫውን ሰክታችሁ ስሙልኝ።»

የማሲንቆ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሀሚድ በታሰረ እጁ፣ ሳያይ ሰካው፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ነቀለው፤ ማሲንቆው ተመለሰ። ወይዘሮ አስካለች እያለቀሱ ሰኩት፤ ጸጥታ። ፀሐዬም ሰካው፤ ጸጥታ።

«ጋሽ ነገሳ፣ ተራው ያንተ ነው።»

ነገሳ ከበሩ ሆኖ ሌሎቹ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሰኩ አላየም፤ ቀስ ብሎ መጣ። መሰኪያውን በሻካራ ጣቶቹ ያዘና ግራው ቀዳዳ ላይ ከተተው። ማሲንቆው አላቆመም። ሁሉም እያዩት፣ ዜማው ክፍሉ ውስጥ መጮኹን ቀጠለ።

ሻምበሉ መርፌውን አነሣ።

«ሬሳው ላይ የነበረው ማዳመጫም እዚያው ነበር የተሰካው። ይህን ዕቃ የሚያውቁት ሦስቱ አይሳሳቱም። እርግጥ አውቆ የሚሳሳት ሰው ይኖራል፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ አልፈረድኩም። ያ ቀዳዳ የማይክሮፎኑ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ተወስዷል። የወሰደው ሊሸጠው አይደለም፤ ጠልቶት ነው። ዓርብ ዕለት በእሱ የተነገረውን ሰምቶ እህል ያልቀመሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ ያንኑ ቃል ለእናትህ ደገምኩላቸው።»

ነገሳ ቀና አለ። «ለእናቴ? ምን በደለችዎ?»

«ይቅር በለኝ። አንድ ንጹሕ ሰው ታስሮ ነበር።»

አናጢው የሀሚድን ካቴና አየ። ክፍሉ ውስጥ ከገባ ጀምሮ እዚያ ላለማየት ሲታገል እንደነበር ከፊቱ ይነበባል።

«ፍቱት» አለ። «ኤሌክትሪክ ነው ይባላል፤ ማንም አይነካም ብዬ ነበር። እሱ ሲያዝ እንቅልፍ አጣሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ።» ወደ ወይዘሮ አስካለች ዞረ። «ዐሥር ዓመት በአንድ ሰፈር ኖረናል። በአፉ ሲናገር አላወቅሁትም ነበር። ከሠራሁት ሣጥን ውስጥ ድምፁ ሲወጣ ግን ያው ነው። ያው የጣልያን መኪና ነው። ቅዳሜ መጥቼ ‹አንተ ነበርክ?› አልኩት። አልካደም። ‹አንብብ ያሉኝን አነበብኩ፤ ያለፈ ነገር ነው› አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሽቦውን ማጠባበቅ ጀመረ። መዶሻዬ ወገቤ ላይ ነበር።»

«ማይክሮፎኑስ?» አለ አዱኛ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንጦጦ፣ ወንድሞቼ ከወደቁበት ቀብሬዋለሁ። አሳይዎታለሁ።»

ፖሊሱ የሀሚድን ካቴና ፈትቶ ነገሳ እጅ ላይ አደረገው። ሀሚድ እጁን አሻሸ። ወይዘሮ አስካለች ዓይናቸው ደርቋል።

«ያን ጊዜ የት ነበርክ ስለው ‹ሬዲዮ እሠራ ነበር› ይለኝ ነበር» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀም። ነገሳ ሊወጣ ሲል ግን ጠሩት። «እናትህ ያውቃሉ?»

«አታውቅም። ማታ ስቀር ትሰማለች።»

«ከፖሊስ መስማት የለባቸውም» አሉ ሻምበሉን። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እርስዎ? የሟች ሚስት?»

«ታዲያ ከኔ ሌላ ማን አለ?»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ እያየ ወይዘሮ አስካለች በጥቁር ልብሳቸው ዳገቱን ወጡ። ሻምበል አዱኛ ከሩቅ ተከተላቸው። እማማ ዲንቄ ኮቴ ሰምተው «ማነው?» አሉ።

«የጎረቤት ሰው ነኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለች ወደ አግዳሚው ተጠግተው። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ልብሱን ዳሰሱ፣ የነጠላውን ጥለት አዘቃዘቅ በጣታቸው ለዩ።

«ኀዘንተኛ ነሽ ልጄ» አሉ፤ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለውም ቦታ ለቀቁላቸው።