ቁጥር ስምንት፦ ጨረስኩ

ገመዱ እጇ ላይ ቀርቷል። ወለሉን ስትጠርግ መጥረጊያው ጠለፈውና ከአንዱ ኮምፒውተር ጀርባ ተነቅሎ ሲወጣ አነሳችው። ዶቃ ክው ብላ የሁሉም ሥራ የሚታይበትን ስክሪን አየች። ሥራው ገና መሃል ላይ ነበር፤ አሁን ሁሉም ቀጥ ይላል፣ የክበብ ጓደኛዬ ሽቦም በጩኸት ጆሮዬን ታደነቁረዋለች ብላ ጠበቀች። ስክሪኑ ግን እንደ ወትሮው መጻፉን ቀጠለ። «ቁጥር ስድስት፦ ጨረስኩ።» «ቁጥር ሰባት፦ ጨረስኩ።» ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ «ቁጥር ስምንት፦ ጨረስኩ።»

የተነቀለው ገመድ የቁጥር ስምንት ነበር። ዶቃ አገላብጣ አየችው፤ የሚያስረዳት ይመስል።

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ስምንት ኮምፒውተሮች አሉት። ሰባቱ ሌላ ቦታ በቃችሁ ተብለው የመጡ ናቸው፤ ስምንተኛውም አሮጌ ነው፤ ለየብቻ ሲከፈቱ ወገቡን ይዞ የማያቃስት የለም። በገመድ ተያይዘው አንድ ሥራ ሲካፈሉ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። ክላስተር ይሉታል። ከባድ ዝናብ ቢጥል ውሃው ከተራራው ወርዶ የትኛውን ሰፈር እንደሚያጥለቀልቅ ያሰላሉ። ካርታው ስምንት ቦታ ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ይሠራል፣ ሲያበቃ «ጨረስኩ» ይላል። አንዱ ከዘገየ ሰባቱ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል እንጂ ጥለውት አይሄዱም። ስለዚህ ገመዱ የተነቀለ ኮምፒውተር ጨረስኩ ሊል አይችልም።

ቁጥር ስምንት ደግሞ የወንድሟ ነበር። ወንድሟ ባለፈው ዓመት ታሞ ሞተ። ሕፃን ሳለች ድብልብል ስለነበረች ዶቃ ብሎ የሰየማት እሱ ነው፤ ኮምፒውተር ያስተማራትም እሱ ነው። የጻፋቸው ፕሮግራሞች፣ ጀምሮ የተዋቸው ጨዋታዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። እናታቸው ኮምፒውተሩ ከልጇ ክፍል ወጥቶ ወደ ክበቡ እንዲሄድ ለመፍቀድ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። በመጨረሻ «ከሚቀመጥ ይሥራ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ዶቃ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ወሬ የምትጠይቃት ስለ ቁጥር ስምንት ብቻ ነው። ሥራ ውላ ትመጣለች፣ ጓዳ ትገባለች፣ ከጓዳ ሆና «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ትላለች። ዶቃም ትነግራታለች። ነገ ደግሞ የወላጆች ቀን ነው። ከሥራና ከገበያ ሌላ የትም ብቅ ብላ የማታውቀው እናቷ፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለማየት እመጣለሁ ብላለች።

ዶቃ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሥራውን እንደገና አስጀመረችው። ገመዱን አልሰካችውም። ቁጥር ስምንት ጨረስኩ አለ። ኃይሉን ጨርሳ አጠፋችበት። አሁንም ጨረስኩ አለ።

ፕሮግራሙን ከፈተች። የኮምፒውተሮቹ ዝርዝር ላይ ከስምንተኛው ፊት ምልክት ተደርጎበታል፤ «ይሄን እለፈው» የሚል ምልክት ነው። ወደ ታች ወረደች። መጨረሻ ላይ እሷ የማታውቃቸው አራት መስመሮች አሉ። ሰባቱ እንደጨረሱ ትንሽ ጠብቅና «ቁጥር ስምንት፦ ጨረስኩ» ብለህ ጻፍ ይላሉ። የሚጠበቀው ጊዜ እንኳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። አሮጌ ኮምፒውተር ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት እንደማይሠራ የምታውቅ ልጅ ተጠንቅቃ የጻፈችው ውሸት ነው። እንዲህ የምትጠነቀቅ ደግሞ በክበቡ ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

ሽቦ የነገውን ማስታወቂያ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ እያፏጨች ገባች። ቅጥነቷንና ገመድ መውደዷን ያየ ሁሉ ሽቦ ይላታል፣ እሷም ቅር አይላትም። ስክሪኑ ላይ የተከፈተውን ስታይ ፉጨቷ ቀጥ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት ዶቃ።

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቀልድ አይጠፋትም ነበር። ዛሬ ግን ወደ መሳቢያው ሄደችና በሹራብ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የወንድሟ ሥራ ሁሉ የተቀመጠበት የቁጥር ስምንት ዲስክ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረቻት። አንድ ቀን ሥራው አልሄድ አለ፤ ሰባቱ ጨርሰው ስምንተኛውን እየጠበቁ ናቸው። ጆሮዋን ብታስጠጋ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። የሚገለበጠውን ገለበጠች፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ አልነበብ አለ። አንድ ቀን እንኳ ቢሠራ የቀረውም ይጠፋል ብላ ነቅላ አወጣችው፤ ካርታውንም ለሰባቱ አካፈለችው።

«እሺ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ነበር» አለች ሽቦ። «በሩ ጋ ስደርስ እናትሽ ሲስቁ ሰማሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ እናትሽ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ተመለስኩ።»

ዶቃ ቀኑን አስታወሰችው። «ዛሬም ከሁሉ መጨረሻ የጨረሰው እሱ ነው» ስትላት እናቷ «ታዲያ ባለቤቱስ ከአልጋ የሚነሳው ከሁሉ መጨረሻ አልነበር?» ብላ ከጓዳ ሳቀች። ለካ ያን ቀን ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«በየቀኑ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እያየሽኝ» አለች ዶቃ። «ጨረስኩ ሲል ጊዜ የምስቀው አንቺን እያየሁ እኮ ነበር።»

ሽቦ አንገቷን ደፋች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም። ቆይታ፣ ነገን ብቻ እንለፈው አለች። ከሁለታቸው ሌላ የሚያውቅ የለም፤ የዶቃ እናት ይምጡ፣ ይዩ፣ ይደሰቱ። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ተበላሸ ማለት ይቻላል።

ዶቃ አሰበችበት። ማሰብ ብቻ ሳይሆን ፈለገችው። እናቷ ከስክሪኑ ፊት ቆማ ያቺን መስመር ስታነብ ታያት። ፊቷ ምን እንደሚመስል ታያት። ከዚያ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ከጓዳ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ስትላት «ሞተ» ብላ ስትመልስ ታያት። እናቷ ልጇን አንዴ ቀብራለች። ሁለተኛ የሚቀበር ነገር ዶቃ በገዛ እጇ ልታዘጋጅላት ነው። ዶቃ አልችልም አለች፤ ለማን እንዳለችው ግን እሷም አላወቀችም።

አራቱን መስመሮች ሰረዘችና ሥራውን አስጀመረች። ሰባቱ ተራ በተራ ጨረስን አሉ። ከሰባት በኋላ ምንም አልተጻፈም። እንደማይጻፍ እያወቀች ጠበቀች፤ ጠብቃ ጠብቃ ልቧ ስብር አለና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም ነበር። ሽቦ አጠገቧ ቆማ ቀረች። ዶቃ ይቅር አላለቻትም፤ ሂጂልኝም አላለቻትም። ስትወጣ ዲስኩን ከነሹራቡ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሰማያዊ ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ዓመት ሙሉ ከጥቁር ሌላ ያልለበሰች ሴት ናት። ዶቃ ይህን ስታይ በሩ ላይ ቆመች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ብትሮጥ ደስ ባላት። ከዚያ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ተናገረችው።

«እማዬ፣ የወንድሜ ኮምፒውተር አይሠራም። ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ዲስኩን አውጥታ አሳየቻት። ግማሹ መትረፉን፣ ግማሹን ምናልባት የሚችል ባለሙያ ያወጣው እንደሆነ፣ ምናልባት ደግሞ እንደማይወጣ ሳታለሳልስ ነገረቻት። እናቷ ካውያውን አቁማ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ዲስኩን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«ታዲያ ጨረስኩ የሚለው ማን ነበር?»

«ሽቦ ናት። እኛ እንዳናዝን ብላ ነው።»

እናቷ እንዳፈረ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እኮ እሱ የሚለው ይመስለኝ ነበር» አለች።

ካውያውን ከሶኬት ነቀለችና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ቀሚሱ አንድ እጅጌው ብቻ ተተኩሶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ዶቃ ልትከተላት ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ቆመች። ከውስጥ ለቅሶ ይሰማል፤ የታፈነ አይደለም፣ ለሰው ይሰማል ተብሎ ያልተፈራ ለቅሶ ነው። እናቷ ነገ ትምጣ አትምጣ አታውቅም። ቦርሳዋን አወረደች። ካውያውን መልሳ ሰካችው፣ እስኪግል ጠበቀችና ያልተተኮሰውን እጅጌ ዘርግታ መተኮስ ጀመረች።