የኢሽቤል የምስክርነት ቃል

ዱጋል ሰው ሲያየው እጁ ይተሳሰራል። ብቻውን ሲሆን በአርብሮዝ ከተማ ወደብ ዙሪያ ያሉትን መንገዶች ስምንት ዓመት ያለ እንከን ጠርጓል። ባለፈው ሳምንት ግን የሥራ ብቃት መዛኟ ወይዘሮ ማክፋርሌን ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላው ሲቆሙ፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቱን ሳያቆም አስፋልቱ መሀል ገባ።

«ዛሬስ አልሆነም፣ ልጄ» አሉት።

አሁን ከጠራጊ ሁሉ የሚጠየቀውን የብቃት ማረጋገጫ እስከ ዓርብ ካላገኘ፣ ከከተማ ውጭ ወዳለው የቆሻሻ መለያ ጣቢያ ይዛወራል። እዚያ ባሕር የለም። ኢሽቤልም የለችም።

ኢሽቤል በጥቅምት ነው የመጣችው፤ በቆሻሻ መኪናው ኋላ ቆማ የምትሄድ ጫኝ ናት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በወደቡ ግንብ ሥር ቋሊማ የገባበት ዳቦ ለሁለት ይካፈላሉ። እሷ ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። አንዳንዴ ሁለቱም የባሕር ወፎቹን ያያሉ። በልቡ ስላለው ግን አንድም ቃል ደፍሮ አልተናገረም።

«ኢሽቤል!» ይላል ሾፌሩ ሃሚሽ ጥሩምባውን እየነፋ። «ሠርጉ ካለቀ ቆሻሻው እየጠበቀሽ ነው!»

ምዘናው ላይ መውደቁን ስትሰማ፣ «የምስክርነት ቃል እኮ ይቀበላሉ» አለችው። «ሥራህን የሚያውቅ ሰው ከጻፈልህ መዛኟ ራሳቸው እንዳዩት ይቆጠራል። እኔ እጽፍልሃለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ዱጋል፣ ኢሽቤልና መዛኟዋ በጠራጊዎቹ ክፍል ተገናኙ። ወይዘሮ ማክፋርሌን መነጽራቸውን አድርገው የኢሽቤልን ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹ከጥቅምት ጀምሮ በየማለዳው አይቼዋለሁ። ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ነው የሚጠርገው። መርፌ ወድቆ ካገኘ በመቆንጠጫ ያነሣል እንጂ በእጁ አይነካም። አረጋውያኑ ቤት ደጃፍ ሲደርስ፣ የተኙት እንዳይነቁ ጋሪውን ከመሬት አንሥቶ ያልፋል። ዓሣ ነጋዴዎቹ የደፉት ውኃ በብርድ ሲጋገር ጨውና አሸዋ ይበትንበታል። እኔ ከመኪናው የምወርድበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ ይጨምራል። ያላየሁት ይመስለዋል።›»

ዱጋል ጓንቱን ይመለከት ነበር። ኢሽቤል እስከ ጆሮዋ ቀልታለች።

«እንዲህ ያለ ምስክርነት አይቼ አላውቅም» አሉ ወይዘሮዋ ቀስ ብለው። «አንድ መስመር ግን ባዶ ነው። ‹ከተመዛኙ ጋር ያለዎት ግንኙነት› ይላል። ባልደረባ ብቻ ከሆናችሁ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ዘመድ ወይም ፍቅረኛ ከሆናችሁ ግን ደንቡ አይቀበለውም። ያኔ፣ ዱጋል፣ ዛሬውኑ ፊቴ መሥራት ሊኖርብህ ነው።»

ኢሽቤል እስክሪብቶውን አነሣች። «ባልደረባ ብዬ ልጻፈው?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውሸት አይሆንም። እስካሁን ምንም አላልከኝም።»

ዱጋል ከጓንቱ ቀና ብሎ አያት።

«እንዳትጽፊው» አላት።

«አብደሃል እንዴ? ዓርብ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ዛሬ ባልደረባዬ ነች ካልኩ ነገ በምን አፌ ሌላ ነገር ልልሽ ነው?» ወረቀቱን ከፊቷ አንሥቶ አጠፈና በደረት ኪሱ ከተተው። «እንውጣ፣ ወይዘሮ ማክፋርሌን።»

ውጭ ነፋሱ ከባሕር ይመጣ ነበር። ምልክቱን ሲያነሣ እጁ ተሳሰረ፤ ግን አቆመው። መጥረጊያውን ያዘ። ከመንገዱ ማዶ ኢሽቤል መኪናው ኋላ ቆማ ታየዋለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ከጥቅምት ወዲህ በየማለዳው ኢሽቤል እያየችው ነው የሠራው። እጁ ይህን ሳያውቅ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም።

ጀርባውን ለነፋሱ ሰጠ።

አረጋውያኑ ቤት ደጃፍ ጋሪውን አንሥቶ አለፈ። የዓሣ ገበያው በር ላይ ውኃው ተጋግሯል፤ ጨውና አሸዋ በተነበት። ከዚያ ጥቂት አመነታ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ወይዘሮ ማክፋርሌንን አያቸው፣ መኪናው በሚቆምበት ጥግ አንድ እፍኝ ጨመረ።

«ይኼኛው መመሪያው ላይ የለም» አሉ ወይዘሮ ማክፋርሌን ሳይቆጡ።

«የለም» አላቸው።

ወረቀታቸውን ጋሪው ክዳን ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ሃሚሽ መኪናውን አምጥቶ ጥጉ ላይ አቆመ። ኢሽቤል ዘላ ወረደች፤ አሸዋው ከጫማዋ ሥር ተንኮሻኮሸ፤ አልተንሸራተተችም።

«አለፍክ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጓንቱን አውልቆ እጇን ያዘ። ሃሚሽ ጥሩምባውን ቢነፋም ዘወር ያለለት አልነበረም።

«በል ወረቀቴን መልስልኝ» አለችው እየሳቀች። «ያ መስመር ባዶውን ቀረ እኮ።»

ዱጋል ሌላኛውን እጁን በደረት ኪሱ ላይ አሳረፈ።

«ቀስ ብለሽ ትሞይዋለሽ» አላት። «የዚህኛው ቀነ ገደብ ዓርብ አይደለም።»