ጥንቸሉ አይተነፍስም

ሚጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ከላይ የአክስቷ ካፖርቶች፣ ከሥር ጫማዎች፣ በሩ ላይ የተደረበ ብርድ ልብስ፣ ማይክራፎኑ ጉልበቷ ላይ። ቤቱ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ የማይገባበት ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ አክስቷ ስቱዲዮ ካልሄደች ድምፅዋን የምትቀዳው እዚሁ ነው። አሁን ግን አክስቷ ገበያ ወጥታለች። ሚጣ ድምፅዋን አቀጠነችና፣

«እኔ አልፈራም፤ እግሬ ነው የሚፈራው» አለች።

መልሳ ሰማችው። ቁርጥ እቴቴን።

እቴቴ የምትላት አክስቷን ነው። እቴቴ በሙዚቃዊ ቲያትር ሙሽራ ሆና ጀምራ፣ በዚያው ቲያትር አማት እስክትሆን የዘፈነች ሴት ናት። አሁን በሚታየው ቲያትር ዳኛዋም፣ ባሏ የሞተባትም፣ ከመጋረጃ ጀርባ የምትለፈልፈው በቀቀንም እሷው ናት። ባንክ ሲደወል «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» የምትለዋም እሷ ናት፤ ጎረቤቶቿ ስልክ ይዘው ሲቆሙ ማንን እንደሚራገሙ አያውቁም። ከሁሉ የምትወደው ግን በልጆች የካርቱን ፊልም ውስጥ ጥንቸሉን ሆና መናገር ነው። ሕፃናት ፊቷን አያውቁትም፤ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስትል ግን ዞር ይላሉ። ራዲዮ ሲከፈት እንኳ ወሬውን ትታ የተናጋሪውን ትንፋሽ ነው የምትከታተለው። «ይሄ ሰውዬ አየር ሳይዝ ጀመረ፤ መሀል ላይ ያልቅበታል» ትላለች። ደግሞ ያልቅበታል።

ዘንድሮ ድምፅዋ መሻከር ጀመረ። ሐኪሙ ቀን ቀን ዝም በይ ስላላት፣ ለማታው ትርኢት እየቆጠበች፣ የምታወራው ትንሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ነው። ስትቆጣም ጽፋ ነው። «ሳህኑስ?» ብላ ትጽፍና ሰሌዳውን ሚጣ አፍንጫ ሥር ታቆመዋለች።

ዛሬ ጠዋት የስቱዲዮ ሰዎች የጥንቸሉን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ‹እኔ አልፈራም› የምትለዋን፣ አርመሽ ላኪልን አሏት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ቀዳችና፣ «ላኪላቸው» ብላ ጽፋ፣ ስልኳን ለሚጣ ትታ ወጣች። ሚጣ ከመላኳ በፊት ሰማችው። ጥንቸሉ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ሆኗል። ከስቱዲዮው ኤዲተር የመጣው መልእክት ደግሞ እዚያው ፊቷ ላይ አለ፦ «ይሄም ከሻከረ ሌላ ሰው ልንሞክር ነው፤ አትቀየሚኝ።» እቴቴ ይህን አንብባ ነው የወጣችው። ሚጣ ማይክራፎኑን ይዛ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። በእቴቴ ፋንታ የራሷን ላከች።

የኤዲተሩ የድምፅ መልስ የደረሰው እቴቴ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ነው። ስልኩን አንሥታ ከፈተችው።

«እትዬ፣ የት ደብቀሽው ነው የከረምሽው? የድሮው ጥንቸል ተመለሰ እኮ። ሰኞ ነይና ፊልሙን በሙሉ እንቀዳዋለን። አለቃም መጥቶ ይሰማሻል።»

እቴቴ ደግማ ከፈተችው። ሰሌዳውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ብያቸው ነበር» አለች በዚያው በሻካራ ድምፅዋ። «ገና ነኝ ብያቸው ነበር።» ከዚያም ሐኪሙን ረስታ፣ እያንጎራጎረች ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።

ሚጣን ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የያዛት ግን ፍርሃት ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ሚጣ የምትገባበት ቁም ሳጥን የለም። ሰኞ እቴቴ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ፣ አለቃው ፊት አፏን ትከፍታለች፤ የሚወጣው ሽማግሌው ነው። ሚጣ ዝም ብትል እቴቴ እስከ ሰኞ ደስተኛ ናት። ብትናገር ዛሬ፣ ያውም መድረክ ልትወጣ ስትል፣ ልቧን ትሰብረዋለች።

«እቴቴ» አለች።

«ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?»

ሚጣ መኝታ ቤት ሄዳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም።

«እኔ አልፈራም፤ እግሬ ነው የሚፈራው።»

ወጥ ቤት ያለው ቢላዋ ቆመ። ቆይቶ እቴቴ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ግማሹ የተላጠ ሽንኩርት እጇ ላይ ነው።

«አልዋሽሽም፣ ከፍቶኛል» አለች።

«እንዳይተኩሽ ብዬ ነው።»

«ተካሽኝ እኮ።»

ሚጣ ካፖርቶቹ ሥር አንገቷን ደፋች። ያደረገችው ነገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዚያ በኩል ታይቷት አያውቅም።

እቴቴ ሽንኩርቱን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዘዋወረችው።

«እስቲ ድገሚው» አለች።

ሚጣ ደገመችው።

«ከ‹እግሬ› በፊት ተነፈስሽ። ጥንቸሉ አይተነፍስም። ከተነፈሰ ፈርቷል ማለት ነው፣ ልጆቹ ይነቁበታል። ያ ሰውዬ ጆሮ ቢኖረው ኖሮ እዚያው ላይ ያውቅሽ ነበር።» ስልኩን ከኪሷ አወጣች። «ለሰኞ ይጠብቀኛል። ማን ይንገረው?»

ሚጣ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ተቀበለቻት። በእቴቴ ድምፅ አሞኛል ብላ መገላገል ትችል ነበር፤ ሰውዬው እንደሆነ አይለይም። ደወለች፤ ሲጠራ ቆይቶ ተነሣ።

«እትዬ?» አለ ኤዲተሩ።

ሚጣ ተነፈሰች።

«እትዬ አይደለሁም» አለች በራሷ ድምፅ።