በአሮጌው ማሽን ላይ የተሠራው

በ2003 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ የጆንያ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ደረጃ ሥር የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ደሳለው ሞቶ ተገኘ። «እሁድ ማንም አልገባም» ብሎ የማለው ዘበኛው ሞላልኝ ታሰረ፤ ማንም ካልገባ ገዳዩ እሱ ነዋ!

ኢንስፔክተር ፀሐይነሽ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስትወርድ ወገቧ አለቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ውሸት መስማት ሰው ያደክማል።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ» አለችው ሞላልኝን።

«እትዬ፣ እሁድ ረፋዱን ሰንበቴ ነበርኩ። ተራው የእኔ ነበር፤ ደጋሹ እንዴት ይቀራል? በር ጥሎ ሄደ ብለው እንዳያባርሩኝ ዋሸሁ።»

ቀጥላ የፋብሪካውን ፕሮግራም የሚጽፈውን ፈንታሁንን ጠራች። ሦስት ወር እንቢ ያለው ፕሮግራም ሰኞ ጠዋት በፋብሪካው ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ተገኝቷል።

«ቅዳሜ በዚህ ላፕቶፕ ሠርቼ በፍላሽ ለደሳለው ሰጠሁት። እሁድ ከገራዶ ቤቴ አልወጣሁም።»

«በዚሁ ብቻ ነው የሠራኸው?»

«በዚሁ ብቻ። ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ጽሑፍ፣ ኮዱን፣ ለደሳለውም ቢሆን አልሰጥም።»

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁን አቶ አግማስን፣ ሞላልኝን፣ ፈንታሁንንና ቴክኒሻኗን ከድጃን ኮምፒውተር ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከድጃ የላፕቶፑን ፕሮግራም በፋብሪካው ማሽን ላይ ስታስነሳው እንቢ አለ።

«ወላሂ፣ ሊነሳም አይችል» አለች ከድጃ። «ሁለቱም የሚሄዱት ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው፤ ይሄኛው የፋብሪካው ግን የስምንት ዓመት አሮጌ ነው። አዲሱ ላይ የተሠራ ፕሮግራም እዚህ የሌለ አዲስ ላይብረሪ፣ አጋዥ ፋይል ማለት ነው፣ ይፈልጋል። አሮጌው ላይ የተሠራ ግን አዲሱም ላይ ይሄዳል።»

«የሚሠራውስ የት ተሠራ?»

«እዚሁ ማሽን ላይ። እሁድ፣ አምስት ሰዓት ተኩል።»

«ሞላልኝ ሰንበቴ ላይ ሳለ» አለች ፀሐይነሽ። «ለመሥራት ኮዱ ያስፈልጋል። ኮዱ ደግሞ አንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።»

ፈንታሁን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ደሳለው እዚሁ አሮጌው ላይ ሥራው ሲለኝ ከረመ። እሁድ ደግሞ፣ አልቻለም ብዬ ለአለቆች እናገራለሁ አለኝ። እንጀራዬን ሊዘጋ! ከደረጃው ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«እንዳለኝ ሠራሁት። ሰኞ ፕሮግራሙን ሊያዩ እንግዶች ይመጡ ነበር።»

«ሐኪሙ፣ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ይላል።»

«አውቃለሁ፤ ሲያቃስት እሰማ ነበር» አለ ፈንታሁን።

አቶ አግማስ ፊታቸውን አዞሩ። ፀሐይነሽ ተነሣች። የሞላልኝን ካቴና ፈትታ ፈንታሁን እጅ ላይ ቆለፈችው።