ሦስት ሜትር ላይ የታሰረው ሌንስ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ እህቴ ሁዳም ምስክሬ ናት።

ሐምሌ 2014፣ ነገሌ ቦረና። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ።

ያኔ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። የሟቹን ፎቶ አንሺ፣ የአባባ ወልደሥላሴን የድሮ የራሺያ ሌንስ ከልጃቸው ከእትዬ ኮከብ ገዝቼ፣ በማገናኛ ቀለበት አዲሱ ካሜራዬ ላይ ገጠምኩት።

ዋጋው ሦስት መቶ ብር ብቻ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ነገሩ ሸተተኝ።

የርቀት ማስተካከያው፣ ማለትም ስንት ሜትር ላይ ያለው ነገር ጥርት ብሎ እንደሚታይ የሚወስነው ቀለበት፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ ሦስት ሜትር ላይ ታስሯል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ የደንበኛው በርጩማ ከቦታው አይነቃነቅማ። እኔ ግን «ጭረት ደብቀውብኝ ነው» ብዬ ነቀልኩት።

ጭረት የለውም...

ሁዳ ከካሜራው ሦስት ሜትር ላይ ባለው በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። አሬሮ ወረዳ በመምህርነት ልትቀጠር ነው፤ የቀራት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው።

ማስተካከያውን ሦስት ላይ አደረግኩት። ፊቷ ብዥ አለ።

አራት... አሁንም ብዥ።

አምስት...

ከኋላዋ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ጥርት ብሎ ታየኝ።

ቀና አልኩ። ማንም የለም። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነው... ግድግዳው ደግሞ ከካሜራው አራት ሜትር ላይ ነው።

ጥፋቱ የማገናኛው መስሎኝ፣ የሸጠልኝን ፎቶ አንሺ ሚክዳድን ረገምኩት። ቢሆንም ልቤ አላረፈም፤ እትዬ ኮከብ ጋ ደወልኩ።

«ፕላስተሩን ነቀልከው?» ድምፃቸው ወረደ።

«አዎ፤ ምነው እትዬ?»

«ሰው አስቀምጠሃል?»

«እህቴን።»

«እሱስ... አሁን ስንት ላይ ነው?»

ስለ ሰውየው ምንም አልነገርኳቸውም ነበር።

ማስተካከያውን ከአምስት ወደ ሦስት መለስ አደረግኩት። ሰውየው አሁን ጥርት ብሎ የሚታየው ሦስት ተኩል ላይ ነው።

«አስነሳት!» አሉኝ።

«ሁዳ፣ ተነሽ!»

አልተነሳችም።

«ያ ረቢ... ፋዲሌ፣ ትከሻዬን ማን ነው የያዘኝ?» አለች በሹክሹክታ።

ከድንጋጤዬ የተነሳ ጣቴ የካሜራውን ማንሻ ተጫነው። ቀጭ!

ሮጬ እጇን ጎትቼ አወጣኋት። ሌንሱንም በዚያው ዕለት ለእትዬ ኮከብ መለስኩ። ገንዘቤን አልጠየቅኩም።

ሁዳ ግን ሥራው ቀረባት። በሌላ ሌንሴ አነሳኋት፣ ሚክዳድ አነሳት፣ በስልክም ሞከርን... እስከ ዛሬ ፊቷ ብዥ ይላል።

በየፎቶው ትከሻዋ ላይ ያረፉት አራት ጣቶች ግን ጥፍራቸው ሳይቀር ጥርት ብለው ይታያሉ።