የጋሽ ሙላቴ የመጨረሻ ጨዋታ

መምህር ሙላቴ ከደብረ ታቦር የቼዝ ክበብ ጀርባ፣ ወደ ሽንት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቀው ተገኙ። ከኋላቸው በድንጋይ ተመትተዋል። ሬሳውን አይታ የጮኸችው ጎረቤት ናት። ለዋንጫ ይጫወቱ የነበሩት ከቀድሞ ተማሪያቸው ከደምሴ ጋር ነበር፤ ኢንስፔክተር ሠናይት ስትደርስ ልጁ በካቴና ታስሯል።

ከሟቹ ሌላ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ደምሴ፣ የጨዋታው ዳኛ ተስፋነህና ልጁን ብቻውን መስደድ የማይሆንላቸው አያቱ ፈንታነሽ ነበሩ።

«እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልሁም» አለ ተስፋነህ። «ሙላቴ ወጣ፤ ይኸ ልጅ ተከተለው።»

«ውሸታም! የወጣኸው አንተ! ልጄ ከወንበሩ አልተነሣም!» አሉ ፈንታነሽ።

«አያቱ አይደሉ? ሌላ ምን ይበሉ!»

ሠናይት ሰሌዳው ላይ ጎንበስ አለች። ተራው የሟቹ ነበር። ጊዜያቸው አልቆ በጨዋታው ሰዓት ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ባንዲራ ወድቃለች። ሰዓቱን ግን ያቆመው የለም፤ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል።

«እማማ፣ ደምሴ ተቀምጦ ምን ያደርግ ነበር?»

«ምን ያደርጋል የኔ ልጅ፣ ያችን ሰዓት ያያል። አንዲት ቀይ ነገር ዱብ ስትል እጁን ሰደደና መለሰው። ‹ምነው፣ አመመህ?› ብለው ዝም።»

ሠናይት ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«ደምሴ፣ ባንዲራዋ ስትወድቅ አሸንፈሃል። ለምን አልተናገርህም?»

ልጁ አቀረቀረ። «ያስተማሩኝን ሰው በሰዓት አሸነፍሁ ልበል? አፈርሁ። ሲመለሱ ዝም ብለን እንቀጥላለን ብዬ ነው።»

«እማማ ቼዝ አያውቁም» አለች ሠናይት። «እጁን ሰድዶ መመለሱን ከየት ፈጥረው ይናገራሉ? ያዩትን ነው የነገሩኝ። እርስዎስ አቶ ተስፋነህ? ተጫዋቹ ባይናገር እንኳ ሰዓቱን የሚያቆመው ዳኛው ነው። እዚህ ከነበሩ ለምን አላቆሙትም?»

«አላየሁም...»

«ስላልነበሩ ነው። የክስ መዝገብዎ እኛ ዘንድ ነው፤ በሐሙሲት መንገድ በመኪና ገበሬ ገጭተው ሲያመልጡ ያየዎት ሙላቴ ብቻ ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክርብዎ ነበር።»

ተስፋነህ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለመንሁት... እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት። እንቢ አለኝ።»

ካቴናው ከደምሴ እጅ ተፈትቶ ወደ ዳኛው ሄደ።

«ኢንስፔክተር፣» አለ ልጁ፣ «ያኔ አሸነፍሁ ብዬ ጋሼን ልጠራቸው ብወጣ እደርስላቸው ነበር?»

«እንኳን አልወጣህ! አንተንም ይገድልህ ነበር!» ብለው ፈንታነሽ ጭንቅላቱን አቀፉት።

ደምሴ በአያቱ ክንድ መሃል ዓይኑን ከሠናይት ላይ አላነሣም። እሷ እጇን ሰድዳ አሁንም ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሰዓት አቆመችው።