ፊቱን ወደ ግድግዳ

ድምፁ የት ገባ?

ሸዋገነት ከድምፅ ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። ይንቀጠቀጣል። ከጨርቁ ሥር ያለው ትልቅ ስፒከር ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋ መዳፏን ይኮረኩራታል። ሽቦው አልተበጠሰም፤ አምፕሊፋየሩም ሞቋል። ግቢው ውስጥ የሚሰማው ግን የቴሌቪዥኑ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። ትናንት እነሸዋገነት ቤት ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ያወረደው ሳጥን፣ ዛሬ ይህ ሁሉ ሰው ፊት ዲዳ ሆነ።

«አቦ ሸዌ፣ ምን ሆነ?» አለ ጓደኛዋ ፋራህ ከጀርባዋ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ።

«አላውቅም።»

«አላውቅም አይባልም እኮ! ሰው እያየን ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሰው እያያቸው ነው። ወሩ ግንቦት ነው፤ በግንቦት ድሬ ዳዋ ውስጥ ፀሐይ ከተጋደመች በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የለም። አልጋው፣ ሰሌኑ፣ በርጩማው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ አክስት፣ የሚላት የሳሕራ ቴሌቪዥንም እንደ ልማዱ ከነጠረጴዛው ወጥቷል፤ የቪዲዮ ዴኩም ከነዳንቴሉ። በግቢው የሚኖሩት የባቡርና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው አልጋ ላይ ተደርድረው የህንድ ፊልም ያያሉ። ዛሬ ግን ከፊልሙ ይልቅ የጓጉት ወፍራም ድምፅ ለሚያወጣው አዲሱ ባስ ነበር።

«ፋራህ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ይሄ ነገር ከጅቡቲ የመጣው በባቡር ነው ወይስ በእግሩ? ደክሞታል መሰለኝ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የሸዋገነት ጆሮ ጋለ።

ሳጥኑ ጅቡቲን አይቶ አያውቅም። የሠራችው እሷ ናት። ስፒከሩን ያገኘችው አሸዋ ገበያ፣ ከብረት ቁርጥራጭ መሃል ነው፤ በተዘጋ ቡና ቤት ሙዚቃ ሳጥን ውስጥ ኖሮ የተጣለ ነበር። የተቀደደ ጠርዙን በጨርቅና በሙጫ ጠገነችው። እንጨቱ አባቷ ሀብተ ማርያም ከባቡር ድርጅቱ፣ ከሽመንደፈር ጋራዥ ያመጣላት የዕቃ ሳጥን ነው። ቀጭኑን ድምፅ አስቀርቶ ወፍራሙን ብቻ እንዲያሳልፍ የጠመጠመችው የመዳብ ሽቦ ደግሞ ከተቃጠለ ቬንትሌተር ሆድ የወጣ ነው። በየሬዲዮ ጠጋኙ ደጃፍ ቆማ እያየች፣ ስታበላሽ እየፈታች፣ እንደገና እየገጠመች ነው እዚህ ያደረሰችው። የእነሱ ቤት ሁለት መንገድ ወዲያ ስለሆነ በዚህ ግቢ ይህን የሚያውቅ ከፋራህ በቀር የለም።

ታዲያ ለምን አልተናገረችም? ባስ የሚያስፈልገው ቴሌቪዥንና ዴክ ነው፤ ያ ያለው ደግሞ ኤዶ ሳሕራ ቤት ነው። ኤዶ ሳሕራ የዴኳን የቀረጥ ወረቀት በመስታወት አድርጋ ከሠርግ ፎቶዋ ጎን የሰቀለች ሴት ናት። የሰፈር ጠጋኝ አንዴ ሬዲዮዋን ካቃጠለባት ወዲህ «እዚህ የተሠራ ነገር ከዴኬ ጋር አይጋባም!» ብላ ምላለች። ዛሬ ከሰዓት ሸዋገነትና ፋራህ ሳጥኑን ተሸክመው በሩ ላይ ሲደርሱ ያንኑ ልትደግም አፏን ስትከፍት ፋራህ ቀደማት።

«ከጅቡቲ ነው፣ ኤዶ! አብቲዬ ነው በባቡር ያመጣው።»

አብቲ የሚለው የእናቱን ወንድም አብዱላሂን ነው። አብዱላሂ በጅቡቲ ባቡር ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ ነገሩ ያስኬዳል። ኤዶ ሳሕራ አላንገራገረችም። በሻሿ ጫፍ የሳጥኑን አቧራ ጠረገች። ጎረቤቶችም እየመጡ ዳሰሱት። «ፈረንጅ እኮ ሲሠራ! ጠርዙን አየሽው?» አለች አንዷ። ያን ጠርዝ ሸዋገነት በብርጭቆ ስባሪ ስትፍቅ ውላ ጣቷ ቆስሏል። ሙገሳው ጣፈጣት፤ ወዲያው ደግሞ መረራት። ያም ሆኖ ዝም አለች።

አሁንም ሽቦውን ነቅላ ልትመልስ ስትል የግቢው በር ተንኳኳ። ድሬ ዳዋ ውስጥ «ከጅቡቲ መጣ» የሚል ወሬ መጀመሪያ ጎረቤት ጋ፣ ቀጥሎ ፊናንስ ጋ ይደርሳል። ፊናንስ የሚባሉት የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚይዙት ጠባቂዎች ናቸው። ፋራህ ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ በየሱቁ ሲያወራ ነው የዋለው።

«እንዴት አመሻችሁ?» አሉ ካኪ የለበሱት ረጅም ሰው። ሃምሳ አለቃ በዛብህ ናቸው። «አዲስ ዕቃ ገባ ሲባል ሰምተን ነው።»

ኤዶ ሳሕራ ከአልጋዋ ዘላ ተነሣች። «ዴኬ ቀረጥ አለው! ቆይ፣ ላምጣልህ!» ብላ ወደ ቤት ሮጠች።

«የዴኩን አውቀዋለሁ። በየወሩ ነው የምታሳዪኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ። ወደ ሳጥኑ ዞሩ። «ይሄኛውን ነው ያልኩት። ማነው ያመጣው?»

ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ሸዋገነት ወደ ፋራህ ዞረች። ምላሱ እንዲህ የታሰረበትን ቀን አይታ አታውቅም። የአጎቱ ስም ከተነሣ አብዱላሂ ከባቡሩ ሥራ ይወርዳል፤ ከዚያ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ስሙ ደግሞ አንድ ጊዜ በግቢው ሰው ሁሉ ጆሮ ገብቷል። አንድ ሕፃን አፉን ቢከፍት አለቀ።

«ማንም አላመጣውም» አለች ሸዋገነት። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ሳቁ መጣ።

«አንቺ?»

«ለዚህ ነዋ የማይጮኸው!»

ኤዶ ሳሕራ መስታወቱን ታቅፋ ከቤት ስትወጣ ይህን ሰማች። «እዚህ የተሠራ?» አለች። «ከዴኬ ጋር? አንቺ ሸዋገነት! ቤቴን ልታቃጥይ ነው?»

ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። በርጩማ ስበው ከሳጥኑ ጎን ተቀመጡና በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ ሰው ለማዳን ብለሽ እንዳይሆን። ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል።»

«ከጀርባው ልፍታልዎትና ይዩት።»

«ሽቦ አይቼ ምን ላውቅ? ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕቃ የሠራ ሰው የዕቃውን ሕመም ያውቃል። ለምንድነው የማይጮኸው?»

ሸዋገነት መዳፏን እንደገና ጨርቁ ላይ አደረገች።

«ካወቅሽ እሰየው። ካላወቅሽ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከየት እንደመጣም እዚያ እንነጋገራለን።»

«አቦ ሃምሳ አለቃ፣ አንተ ደግሞ!» አለ ፋራህ ምላሱ ተፈቶ። «ለልጅቷ ትንሽ ጊዜ ስጣት!»

«ፊልሙ እስኪያልቅ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁላችንም ቤታችን መግባት አለብን።»

ሸዋገነት ዓይኗን ጨፈነች። ትናንት ይጮህ ነበር። ከትናንት ወዲህ የተለወጠው ምንድነው? ሳጥኑ ያው ነው። ሽቦውም፣ አምፕሊፋየሩም ያው ናቸው። ዓይኗን ገልጣ ቀና ስትል ሰማዩን አየችው፤ ወዲያ ሰፊ፣ ወዲህ ሰፊ፣ ማቆሚያ የሌለው። ትናንት ከራሷ በላይ የነበረው ቆርቆሮ ነው። በግራም በቀኝም ግድግዳ ነበር። ከሳጥኑ የሚወጣው ድምፅ ሄዶ የሚጋጭበት፣ ተመልሶም የሚጠራቀምበት ነገር ነበረው። እዚህ ግን መሃል ግቢ ላይ አስቀምጣዋለች። ከስፒከሩ እንደወጣ ይበተናል።

ድምፁ የትም አልገባም። ወጥቶ ሄዷል። ሁሉም ሰው ፊልም የሚያየው ደጅ መሆኑን እያወቀች፣ እሷ ሳጥኑን ቤት ውስጥ ሞክራ አመጣችው!

«ፋራህ፣ ያዝ!»

«ወዴት?»

«ወደ ጥጉ!»

ሁለቱ የድንጋይ አጥሮች የሚገናኙበት ጥግ የዶሮዎቹ ማደሪያ ነው። ዶሮዎቹን አባረው ሳጥኑን አስጠጉት። ሸዋገነት አዞረችው። ትልቁ ስፒከር ወደ ጥጉ፣ ባዶው ጀርባ ወደ ሰዉ ሆነ።

«ፊቱን ወደ ግድግዳ?» አለ ፋራህ። «ምን አጠፋ ብለሽ ነው የምትቀጪው?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። «ተንበርከክ በይው!» አለ አንዱ። «አለንጋ ይምጣላት!» አለ ሌላው። ሸዋገነት ሽቦውን በአጥሩ ሥር አዞረች፣ ከጥጉ አንድ ጋት ያህል ክፍተት ተወች፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩን ከፈተች።

ፊልሙ ውስጥ መሽቷል። ጀግናው ብቻውን ኮረብታ ላይ ቆሟል። ደመናው ተሰበሰበ። መብረቅ ብልጭ አለ።

ከጥጉ ነጎድጓድ ወጣ።

የመጣው ከጆሮ ሳይሆን ከመሬት ነው። በአልጋው እግር ሽቅብ ወጥቶ ደረት ውስጥ ገባ። የብርጭቆዎቹ ትሪ ተንቃጨለ። ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። «ዝናብ! ፍራሽ አስገቡ!» ብለው አንዲት እናት ፍራሽ ተሸክመው ሮጡ፤ ልጃቸውም ትራሱን ይዞ ተከተላቸው። ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ሰማዩን አዩ። ኮከብ ነው። አንድ ጠብታ የለም።

እሪታው፣ ጭብጨባውና ሳቁ በአንድ ላይ ፈነዳ። ቀጥሎ ከበሮው ሲመጣ ግቢው አብሮ መታ። ያ ከኋላ ሲያላግጥ የነበረው ሰውዬ አልጋው ላይ ቆሞ ትከሻውን ይሰብቃል። ፋራህ ሸዋገነትን በሁለት እጁ አንሥቶ አሽከረከራት። «ወላሂ አንቺ ልጅ! ወላሂ!» ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣለትም።

«እሺ ጌቶች!» አለ ካወረዳት በኋላ፣ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ጅቡቲ ያልኩት ውሸቴን ነው። አብቲዬ ይሄን ሳጥን አይቶት አያውቅም። የሠራችው እሷ ናት፣ ብቻዋን!»

ሃምሳ አለቃ በዛብህ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከበሮውን ያዳምጣሉ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የሚከፈል ቀረጥ የለም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔም ቤት ግቢው ሰፊ ነው። ጥግ ግን አለው» አሉ።

ሸዋገነት ሽቦዋን ልትጠቀልል ስትጎነበስ ኤዶ ሳሕራ እጇን ያዘቻት።

«ወዴት ልትወስጅው ነው?»

«ቤት። አስቸገርኩሽ፣ ኤዶ።»

«ዴኬ አንዴ ከለመደው በኋላ?» አለች ኤዶ ሳሕራ። «እዚሁ ይደር! ለዶሮዎቹ ሌላ ቤት እንሠራላቸዋለን።»

አብዱላሂ ከጉዞ ሲመለስ ፋራህ ራሱ ሁሉንም ነገረው። አብዱላሂ ጆሮውን ቆንጥጦ ያዘውና ነገሩን እስከ መጨረሻው አስተረከው። ሲጨርስ ለቀቀውና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እዚያ ጅቡቲ ስፒከር የሚሸጥ ሰውዬ አለ» አላቸው። «ባየኝ ቁጥር ‹እናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር መቼ ልታዩ ነው?› ይለኛል። እስቲ አንድ መልእክት ጻፉልኝ፣ ወስጄ እሰጠዋለሁ።»

ሸዋገነት ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደች። ፋራህ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ያያል። እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ድሬ ዳዋ ውስጥ የባስ ሳጥን እንሠራለን። ደጅም ይጮኻል። እናንተ ጋ የሚፈልግ ካለ በባቡር እንልካለን።»

«ከሥሩ የፈረንጅ ስም አድርጊበት» አለ ፋራህ። «ሙሴ ምናምን በይ። አቦ በሸዋገነት ማን ይገዛል?»

እስክሪብቶዋ ከወረቀቱ በላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በትልልቁ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እያቆመች ጻፈች፦ ሸዋገነት ሀብተ ማርያም።

አብዱላሂ ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ወደ ለገሃር ሄደ። ሲመለስ፣ ለሱቁ ሰውዬ በእጁ እንደሰጠው፣ ሰውዬውም አስተርጉሞ ሁለት ጊዜ እንዳስነበበው ወላሂ ብሎ አረጋገጠላቸው። ሰውዬው ግን መልስ አልላከም።